ሮኬቱ ራሱ የጠራው መብረቅ

የአፖሎ 12ን ነገር ብዙ ሰው ቀንጭቦ ያውቀዋል። ወደ ጨረቃ ሲነሳ መብረቅ መታው፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ የትኛው ማብሪያ መነካት እንዳለበት ተናገረ፣ ጉዞው ዳነ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ብቻውን ሲነገር ግን ተአምር ይመስላል። ከእሱ በፊት አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ ተነስቶ የተመለሰ ሮኬት ነበረ፤ በአንዲት ብልጭታ ሕይወታቸውን ያጡ ሦስት ሰዎችም ነበሩ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ሮኬት በዚያው በፍሎሪዳ ሰማይ፣ በዝናብ ውስጥ ተነስቶ ተበታትኗል። እነዚህን በተርታ ያያቸው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። መንኮራኩርን ከኤሌክትሪክ አደጋ የመጠበቅ ሥራ የጀመረው ሣጥን በማጠንከር ነው፤ የበሰለው ግን የሰውን ውሳኔ መግራት ሲጀምር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1836፦ ሣጥን ውስጥ የገባው ሰው

ማይክል ፋራዴይ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ውስጥ አንድ ክፍል አሠራ። እያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ ነበር፣ ወደ 3.6 ሜትር ገደማ፤ አፅሙ እንጨት፣ ልብሱ ሽቦና የብረት ልባጥ። ክፍሉን ከወለሉ ለይቶ ካቆመው በኋላ ከትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጋር አገናኘው። በውጭው ግድግዳ ላይ ፍንጣሪ እየተንጣጣ ሳለ፣ ፋራዴይ የበራ ሻማና ስሱ መለኪያዎች ይዞ ውስጥ ገባ። መለኪያዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

በብረት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እርስ በርሱ ስለሚገፋፋ ወደ ውጨኛው ገጽ ይሸሻል፤ ውስጡ ጸጥ ይላል። ዛሬ የሳተላይት ኮምፒውተር የሚቀመጥበት የአሉሚኒየም ሣጥን የዚያ ክፍል ዘር ነው። ልዩነቱ መንኮራኩር ተዘግቶ መኖር አለመቻሉ ነው። ከፀሐይ ሰሌዳው ኃይል ይመጣል፣ ከሞተሩ መረጃ ይመጣል፣ በአንቴናው ትእዛዝ ይገባል። በሣጥኑ ቀዳዳ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሽቦ ለረብሻ የተከፈተ በር ነው። የጠፈር መሐንዲሶች ጭንቀትም ከግድግዳው ይልቅ እነዚህ በሮች ነበሩ።

1960–1967፦ አሥር ሳንቲ ሜትር የበረረው ሮኬት

ኖቬምበር 21 ቀን 1960 ኬፕ ካናቬራል ላይ ሜርኩሪ ሬድስቶን 1 ሊነሳ ተዘጋጀ። ሰው አልተሳፈረበትም፤ አሜሪካ የመጀመሪያ ጠፈርተኛዋን ከመላኳ በፊት የሚደረግ ሙከራ ነበር። ሞተሩ ተቀጣጠለ፣ ሮኬቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ሮኬቱም ተመልሶ መቀመጫው ላይ አረፈ። ከጫፉ ላይ የነበረው የማምለጫ ማማ ብቻውን ተፈትልኮ ወደ ሰማይ ሄደ። ቀጥሎ ካፕሱሉ በሥርዓቱ ፓራሹቶቹን አወጣ። ነዳጅ የሞላው ሮኬት ፓራሹት አንጠልጥሎ ቆመ፤ ንፋስ ቢመጣ ጎትቶ ሊጥለው ይችላል። ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። ባትሪዎቹ እስኪደክሙና ፈሳሽ ኦክስጅኑ ተንኖ እስኪያልቅ እስከ ማግስቱ ጠዋት ጠበቁ።

ጥፋቱ ሲፈለግ የተገኘው በሁለት ገመዶች መካከል ነው። ሮኬቱ ሲነሳ ከክንፉ ሥር የሚነቀሉ ሁለት ገመዶች ነበሩ፤ አንደኛው የመቆጣጠሪያ፣ ሌላኛው የኃይልና የግራውንድ። የመቆጣጠሪያው ቀድሞ መነቀል ነበረበት። የዚያን ቀን የተሰካው ግን ለወታደራዊው ሬድስቶን የተሠራ፣ ከሚገባው የረዘመ ገመድ ስለነበር ዘግይቶ ተነቀለ። መዘግየቱ 29 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ሮኬቱ ግራውንድ አልነበረውም፤ ወደ መሬት መሄድ የነበረበት ኤሌክትሪክ መንገድ ሲያጣ ሞተር በሚያጠፋ ሪሌይ በኩል አለፈ። ሪሌዩም የተሠራበትን አደረገ። አንድም ዕቃ አልተበላሸም፤ የተዛባው የመነቀያ ተራው ብቻ ነው። ይህን ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የማስበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግራውንድ ለሮኬት ተጨማሪ ጥንቃቄ ሳይሆን የሰርኪዩቱ አካል መሆኑን ያለ ደም ያስተማረ ነውና።

ደም የፈሰሰበት ትምህርት ሩቅ አልነበረም። ኤፕሪል 14 ቀን 1964 በዚያው በኬፕ ካናቬራል በአንድ ሕንፃ ውስጥ ፀሐይን የሚያጠና ሳተላይት ከዴልታ ሮኬት ሦስተኛ ደረጃ ሞተር ጋር ተገጣጥሞ ሲፈተሽ ሞተሩ በድንገት ተቀጣጠለ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎች ቆሰሉ። ምርመራው የደረሰበት መነሻ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ሹራብ ሲወልቅ ጣት ላይ የሚቆነጥጠው ዓይነት። ብልጭታዋ የሞተሩን መለኮሻ ለማንቃት በቃች። ከዚያ ወዲህ ሮኬት አጠገብ የሚሠራ ሰው አንጓው ላይ የግራውንድ ማሰሪያ ማድረጉ፣ የሚለብሰው ልብስና ወለሉ ሳይቀር መመረጡ፣ የአየሩ እርጥበት መለካቱ የአደጋውን ክብደት ይመሰክራል።

በ1967 የአሜሪካ መከላከያ እስከዚያ ድረስ በየክፍሉ ተበታትነው የነበሩትን መመሪያዎች ሰብስቦ ሚል ስታንዳርድ 461 የተባለውን ደረጃ አወጣ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። ይህ ዕቃ ምን ያህል ረብሻ ያወጣል? ከሌላ የሚመጣ ረብሻስ ምን ያህል ይችላል? ፍተሻው የሚካሄደው ሞገድ እንዳያስተጋባ ግድግዳውና ጣሪያው በሾጣጣ ስፖንጅ በተለበደ፣ ሬዲዮ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ አንቴና ይደገንበታል፣ ድግግሞሹ ቀስ እያለ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ይወጣል፤ መሐንዲሱ ከውጭ ሆኖ የትኛው ላይ እንደሚደናገር ይጠብቃል። ከዕቃው ሥር ያለው ሥራ ደግሞ የእጅ ጥበብ ነው። ሂያጅና ተመላሽ ሽቦዎች አብረው ይገመዳሉ፤ ያኔ አንዱ ዙር የሚለቅመውን ረብሻ ቀጣዩ ዙር ያጣፋዋል። የሽቦው መረብ ልባስ መሰኪያው ላይ ሲደርስ በአንዲት ቀጭን ጭራ መታሰር የለበትም፤ ዙሪያውን ሙሉ ከብረቱ ጋር መግጠም አለበት። ሣጥኑ ከመንኮራኩሩ አካል ጋር በሚነካካበት ቦታ ቀለሙ ይፋቃል፣ የግንኙነቱም የኤሌክትሪክ መቋቋም (ሬዚስታንስ) ከ2.5 ሚሊ ኦም እንዳይበልጥ በመለኪያ ይረጋገጣል። አንድ ያልተፋቀ ቀለም የዓመታት ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

1969፦ ሠላሳ ስድስት ተኩል ሴኮንድ

ኖቬምበር 14 ቀን 1969 ረፋዱ ላይ ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ዝናብ ይጥላል። ደመናው ዝቅ ብሏል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊያዩ መጥተዋል። በሳተርን 5 ሮኬት ጫፍ ላይ ጠፈርተኞቹ ፒት ኮንራድ፣ ዲክ ጎርደንና አለን ቢን ተቀምጠዋል። በአካባቢው የሚያብረቀርቅ መብረቅ አልታየም፤ በነበረው ደንብ መሠረት ሮኬቱን የሚያስቆም ነገር አልነበረም። ተነሳ።

ከመሬት በለቀቀ በ36.5 ሴኮንድ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ተመታ። መብረቁ በሮኬቱና በነበልባሉ በኩል አልፎ እስከ ማስወንጨፊያው ወረደ፤ ካሜራዎች ቀርጸውታል። በ52ኛው ሴኮንድ እንደገና ተመታ። ሮኬቱ ብቻውን 110 ሜትር ይረዝማል፤ ከኋላው የሚተፋው ጋዝ ግለቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ርዝመቱን እጅግ ይጨምርለታል። መብረቅ ለመፍጠር አቅሙ ያልደረሰ ደመና ሥር እንዲህ ያለ ዘንግ ሲቆም የኤሌክትሪክ መስኩ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ይከማቻል፤ አየሩ ይሰነጠቃል። መብረቁን የጠራው ሮኬቱ ነበር። ሰማዩ ብቻውን ቢተው ኖሮ ያን ሰዓት መብረቅ ባልጣለ ነበር።

በካፕሱሉ ውስጥ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ኮንራድ የሚያያቸውን በሬዲዮ መዘርዘር ጀመረ። የመንኮራኩሩን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን ፊውል ሴሎች ከመጠን ካለፈ ጭነት የሚጠብቁ ሰርኪዩቶች ድንገተኛውን የቮልቴጅ ዝላይ እንደ ብልሽት ቆጥረው ሦስቱንም ከመስመር አውጥተዋቸው ነበር። መንኮራኩሩ በባትሪ ቀረ፣ ቮልቴጁ ወረደ፤ ከሁለተኛው ምት በኋላ አቅጣጫ የሚጠብቀው መድረክም መሽከርከር ጀመረ። ሂዩስተን ባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስክሪኖች ላይ ቁጥሮቹ ትርጉም አጡ።

ጆን አሮን የኤሌክትሪክ ሥርዓቱን የሚከታተል የ26 ዓመት መሐንዲስ ነበር። ያ የተዘበራረቀ የቁጥር ሰልፍ ለሌላው ሁሉ ውዥንብር ሲሆን ለእሱ የሚያውቀው መልክ ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በኬኔዲ የሚካሄድ ፍተሻ ከሂዩስተን ሆኖ ሲከታተል፣ ኃይል በስህተት ሲወርድ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች አይቷል። ማንም ሳያዘው ምክንያቱን አሳድዶ ደረሰበት፤ ከሴንሰሮች የሚመጣውን ምልክት የሚያስተካክለው ኤስሲኢ የተባለ ሣጥን ቮልቴጅ ሲወርድ ይስታል፣ ወደ መጠባበቂያው ሲዞር ግን ይሠራል። ስለዚህ አሮን ያለው አጭር ነበር፦ ኤስሲኢን ወደ ኦግዚለሪ። የበረራው ኃላፊ ጄሪ ግሪፊን አያውቀውም። መልእክቱን ያስተላለፈው ጄራልድ ካርም አያውቀውም፣ ኮንራድም ግራ ገባው። ማብሪያው በቢን በኩል ነበር፤ ቢን ያውቀዋል፣ አዞረው። ቁጥሮቹ ተመለሱ፤ ቢን ፊውል ሴሎቹን አንድ በአንድ ወደ መስመር አስገባ።

ሰዎች አሮንን ሲያወድሱ አንዳንዴ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአሮን ቃል ሮኬቱን በአየር ላይ አላቆየውም። ያቆየው ከካፕሱሉ በታች፣ በሦስተኛው ደረጃ አናት ላይ ያለው የሳተርን የራሱ መሪ ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱን ስሌት በሦስት ተመሳሳይ መንገድ ሠርቶ በብልጫ ድምፅ የሚወስን ነበር፤ ሁለቱም መብረቆች ሲያልፉ አልሳተም። ሰውና ሣጥን በዚያ ጠዋት ሥራ ተከፋፍለዋል፤ አንዱ ቢጎድል ጉዞው አይኖርም ነበር።

በምድር ዙሪያ ሳሉ መድረኩን በከዋክብት አስተካከሉ። አንድ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም። የፓራሹቶቹ መክፈቻ ፈንጂዎች በመብረቁ ተጎድተው ይሆን? የሚፈተሹበት መንገድ የለም። ተጎድተው ከሆነ አሁን ቢመለሱም ከጨረቃ ቢመለሱም መጨረሻው ያው ነው። ኃላፊዎቹ ጥርጣሬውን ለጠፈርተኞቹ ሳይነግሩ ጉዞው እንዲቀጥል ወሰኑ። ሦስቱም ኖቬምበር 24 ቀን በሰላም ውቅያኖስ ላይ አረፉ፤ ፓራሹቶቹ ተከፍተዋል።

1970–1979፦ ደመና በሌለበት ብልጭታ

ከአፖሎ 12 በኋላ በደመና ውስጥ የማስወንጨፍ ደንብ ጠበቀ፣ በኬኔዲ ዙሪያም የኤሌክትሪክ መስክ መለኪያዎች ሥራቸው ከበደ። መለኪያው ቀላል ነው፤ የሚሽከረከር ክዳን አንዲት የብረት ሰሌዳን ለሰማዩ ይገልጣል፣ ይከድናል፤ በሰሌዳዋ ላይ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ከላይ ያለው ደመና ምን ያህል እንደተሞላ ይናገራል።

በዚያው ዘመን ከፍ ብሎ ሌላ አደጋ ታየ። በ1969 የመጠቀው ኤቲኤስ 5 የተባለ ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ በምድር ጥላ ውስጥ ሲያልፍ ገላው በሺህ የሚቆጠር ቮልት እንደሚከማችበት ሸርማን ዲፎረስት በ1972 አሳተመ። በዚያ ከፍታ ያሉ ኃይለኛ ኤሌክትሮኖች እንደ አቧራ ሳተላይቱ ላይ ይሰፍራሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ከሌለ የሚያራግፋቸው የለም። አንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ይልቅ ሲሞላ በመካከላቸው ብልጭታ ይዘላል። በጁን 1973 የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ሳተላይት በዚህ ምክንያት ከአገልግሎት ወጣ። ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፤ መብረቁ ግን አለ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓዮኒር 10 የተባለችው መንኮራኩር ጁፒተር ደርሳ የጨረሩን ብርታት ስትናገር፣ ከእሷ በኋላ ወደዚያው የሚሄዱትን ሁለቱን ቮየጀር መንኮራኩሮች የሚሠሩት ሰዎች ደነገጡ። ከውጭ የተዘረጉት ኬብሎች ቻርጅ ይሰበስባሉ። ጊዜ አልነበረም። ከተራ ገበያ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ተገዝቶ ኬብሎቹ ተጠቀለሉ፣ ፎይሉም ግራውንድ ተደረገ። ሥጋ የሚሸፈንበት ፎይል በ1977 ተነስቶ ዛሬ ከፀሐይ ነፋስ ክልል ውጭ ነው። መከላከያው ሙሉ አልነበረም፤ ቮየጀር 1 በ1979 ጁፒተርን ስታልፍ አንድ ሰርኪዩቷ 42 ጊዜ ራሱን እንደገና አስነስቷል፣ ጥናቶችም በውስጥ ብልጭታ አሳበቡት። ያም ሆኖ ሥራዋን አልተወችም። በዚሁ በ1979 አሜሪካ ይህንኑ ክስተት ብቻ የሚያጠና ስካታ የተባለ ሳተላይት አመጠቀች።

1980–1987፦ የተዘነጋው ትምህርት

ከ1980 እስከ 1986 የናሳ ላንግሊ ማዕከል አንድ ኤፍ 106 ጄት ሆን ብሎ ወደ ነጎድጓድ ደመና እየላከ አስመታው። 714 ጊዜ ተመታ። ከዚያ የተገኘው ውጤት የአፖሎ 12ን ጥርጣሬ በቁጥር አጸናው፤ አብዛኞቹን መብረቆች የቀሰቀሰው አውሮፕላኑ ራሱ ነበር። ዕውቀቱ አለ፣ ደንቡ አለ፣ መለኪያዎቹም አሉ።

ማርች 26 ቀን 1987 ከሰዓት በኋላ ኬፕ ካናቬራል ላይ አትላስ ሴንታር 67 ዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ የባሕር ኃይል የመገናኛ ሳተላይት ተሸክሟል። ወፍራም ደመና ሰማዩን ሸፍኖታል። በኬኔዲ ያሉት የመስክ መለኪያዎች ከፍተኛ ንባብ ያሳያሉ፤ ንባባቸው ግን ለዚህ ሮኬት ውሳኔ ከሚቆጠሩት መስፈርቶች ውስጥ አልነበረም። ለአንዱ ሕንፃ ግልጽ የነበረው አደጋ ለሌላው አልተነገረም። ሮኬቱ ተነሳ፣ ደመናው ውስጥ ገባ፣ ከታየበትም ጠፋ።

በ49ኛው ሴኮንድ ገደማ መብረቅ መታው። ሞተሩ አልጠፋም፣ ገላውም አልተቀደደም። የሆነው ሌላ ነው። በመሪ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቃል፣ አንድ ቁጥር ብቻ ተለወጠ። ኮምፒውተሩ የተለወጠውን ቁጥር አምኖ ሞተሮቹን ወደ ጎን በኃይል እንዲዞሩ አዘዘ። ሮኬቱ ወደ ጎን ሲጣመም አየሩ ሰበረው። የተረፈውን የደኅንነት ኃላፊው አፈነዳው። ሮኬቱና ሳተላይቱ በድምሩ 161 ሚሊዮን ዶላር ነበሩ። ከባሕር በተለቀመው የአፍንጫው ሽፋን ላይ መብረቅ ያቃጠላቸው ነጥቦች ተገኙ።

ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ማየት ያማል። የሳተርኑ ሦስት ሆኖ ያስብ ነበር፤ የአትላሱ የተለወጠውን ቃል የሚከራከርበት አጠገቡ አልነበረም። ይበልጥ የሚያመው ግን ሌላው ነው። በ1969 የተጻፈው ትምህርት ተቀምጦ፣ ከ18 ዓመት በኋላ ያዩት ሰዎች ተለዋውጠው፣ ወረቀቱ ብቻውን ሊያስቆማቸው አልቻለም። ይህን የአየር ጠባይ ባለሙያዎቹ ስንፍና አድርጎ ማቅለል ልክ አይመስለኝም። የሚለካው ሰውና የሚወስነው ሰው በአንድ ደንብ አልታሰሩም ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 9 ቀን ቨርጂኒያ በሚገኘው ዋሎፕስ መብረቅ ወድቆ ሦስት ትናንሽ ሮኬቶችን ያለ ሰው ትእዛዝ አቀጣጠለ።

1988–2022፦ የመጠበቅ ደንብ

ከአትላሱ ጥፋት በኋላ ናሳና የአየር ኃይሉ የመብረቅ ሳይንቲስቶችን ሰብስበው ደንቡን አዲስ ጻፉት። ደንቡ ከዚያ ወዲህ በግምት አይፈታም። ከማስወንጨፊያው ወይም ከጉዞው መስመር 10 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ መብረቅ ከታየ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። የመስክ መለኪያው ከተወሰነ ቮልት ካለፈ ይጠበቃል። ደመናው ውሃ በረዶ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ከወፈረ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው መነሻ ሐሳቡ ነው፤ ሰማዩ ደኅና መሆኑ በማስረጃ ካልታወቀ ደኅና እንዳልሆነ ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙ መነሳት በሚፈልገው ላይ ወደቀ።

በማስወንጨፊያው ላይም ብዙ ተሠራ። ኦገስት 25 ቀን 2006 አትላንቲስ መንኮራኩር ቆማ ሳለች ወደ 100 ሺህ አምፔር የሚገመት መብረቅ የማስወንጨፊያ 39ቢን መከላከያ መታ፤ እስኪፈተሽ ጉዞው ዘገየ። ቆይቶ በዚያው ቦታ 180 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሦስት ማማዎች ቆሙ፤ በመካከላቸው የተዘረጉት ሽቦዎች መብረቁን ይዘው ከሮኬቱ ርቆ ወደ መሬት ያወርዱታል። በኤፕሪል 2022 የናሳ የጨረቃ ሮኬት አርጤምስ በመካከላቸው ቆሞ ሳለ ማማዎቹ አራት ጊዜ ተመቱ፤ አንዱ ሥርዓቱ ከተተከለ ወዲህ ብርቱው ነበር።

ደንቡ መብረቅ በሌለበትም ያስቆማል። ኦክቶበር 27 ቀን 2009 አሪስ 1 ኤክስ የተባለው የሙከራ ሮኬት በቀጭን ከፍ ያለ ደመና ምክንያት አልተነሳም። ሮኬት በበረዶ ቅንጣት ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ በፍትጊያ ስታቲክ ይሰበስባል፤ ያ ስታቲክ የሬዲዮ ጫጫታ ይፈጥራል፤ ጫጫታውም ሮኬቱ ቢስት የሚያፈነዳውን ትእዛዝ ሊያደነቁር ይችላል። በማግስቱ ተነሳ።

ሜይ 27 ቀን 2020 ደግሞ ዳግ ኸርሊና ቦብ ቤንከን ክሩ ድራገን ውስጥ ታጥቀው ተቀምጠዋል። አሜሪካ ሹትል የተባሉት መንኮራኩሮቿ ከቆሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ምድር ሰው ወደ ምሕዋር ልታመጥቅ ነው፤ እንደ 1969ኙ ቀን ሁሉ ፕሬዚዳንቱ ሊያዩ መጥተዋል፤ ዓለም በቀጥታ ያያል። የጠፈር ጣቢያው ምሕዋር አንዲት የመነሻ ቅጽበት ብቻ ይፈቅዳል። ደመናው እየሄደ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቢሰጠው ሰማዩ በተፈቀደ። የመስክ መለኪያዎቹ ግን ሮኬቱ ራሱ መብረቅ ሊጠራ እንደሚችል ያሳዩ ነበር። ሊነሳ 17 ደቂቃ ሲቀረው ቆጠራው ቆመ፣ ነዳጁ ከሮኬቱ ተመልሶ ወጣ፣ ሁለቱም ወረዱ። ሜይ 30 ቀን ደንቡ ሲፈቅድ ተነሱ፤ በማግስቱ ከጣቢያው ጋር ተገናኙ።